ጎማ ያለው ቤት የት ያድራል?

በአገራችን ገጠር፣ ጀንበር የጠለቀችበት መንገደኛ መጀመሪያ ያገኘው ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» ይባላል። ልማዱ ዛሬ ሳስቷል፤ ከተማ ውስጥማ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። ቢሆንም ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዳው የሚለምነው ጣሪያ፣ እሳትና የምትቀመስ ነገር ነው።

እስቲ ደግሞ ሌላ ዓይነት እንግዳ እናስብ። ጣሪያውንም፣ እሳቱንም፣ እራቱንም ይዞ የመጣ እንግዳ። አልጋ ልቀቁልኝ አይልም፣ ሽሮ ሥሩልኝ አይልም። የሚፈልገው የሚቆምበት መሬት ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ስለሚኖር ሰው ነው የማወራው። መቼም እንዲህ ያለው እንግዳ ከሁሉም ይልቅ ቀላሉ እንግዳ መሆን ነበረበት። መኪናን ከማንም በፊት ለሕዝብ ያዳረሰችው አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ያሳለፈችው ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚለው፤ ቤቱን ይዞ የመጣ እንግዳ፣ ቤት ከሌለው እንግዳ እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ ያስፈራል። የሚያስፈራው ደግሞ ጎማው አይደለም፤ ኪሱ ነው።

እንዲህ ያሉ እንግዶች እኛም ዘንድ መጥተው ያውቃሉ። በ1959 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ ከመቶ በላይ የአገሩን ሰዎች አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሣ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመኪናው ኋላ የሚጎትተው፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ እንቁላል መሳይ ቤት ነበረው። «ኤርስትሪም» ይባላል፤ ባያም ራሱ የፋብሪካው መሥራች ነው። አርባ አንድ የሚሆኑ ተጎታች ቤቶች ተሰልፈው አፍሪካን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ሊያቋርጡ ነው የተነሡት። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ። አገራችንን አቋርጠዋል፤ የኢትዮጵያ ተራራና መንገድም ከጉዟቸው ከባድ ክፍሎች አንዱ ነበር። አዲስ አበባ ሲደርሱ ጃንሆይ ተቀብለዋቸዋል። በማግስቱ ዓመት ካይሮ ገብተው ቤቶቻቸውን ከጊዛ ፒራሚዶች ፊት ክብ ሠርተው አቁመው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ድረስ የኩባንያው መታወቂያ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎች ለወራት የኖሩት መኪና ውስጥ ነው። የበሉት፣ የተኙት፣ የታጠቡት፣ የታመሙትም እዚያው ነው። ሆኖም ማንም ቤት አልባ አላላቸውም። ንጉሥ ተቀበላቸው እንጂ ዘበኛ አላባረራቸውም። ለምን ቢባል፣ አገራቸው ሌላ ቤት ነበራቸዋ! ከኋላ ቤት ያለው ሰው መኪና ውስጥ ሲያድር «ቱሪስት» ይባላል። ከኋላው ምንም የሌለው ሰው በዚያው መኪና፣ በዚያው አልጋ፣ በዚያው ምድጃ ሲያድር ስሙ ሌላ ነው።

ባያም ራሱ የሁለቱንም ወገን ቀምሷል። ልጅ ሆኖ በኦሪገን የበግ እረኛ ነበር፤ የሚያድረውም አህያ በሚጎትታት ጋሪ ውስጥ ነው። ጋሪዋ ውስጥ የነበረው ዕቃ አንድ የላምባ ምድጃ፣ ውኃ፣ ስንቅ፣ መታጠቢያ ባልዲና የመኝታ ከረጢት ብቻ ነበር ይባላል። በ1936 «ክሊፐር» ብሎ የሰየመውን ተጎታች በ1,200 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ በውስጡ ያስገባው አራት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ የራሱ የውኃ ማጠራቀሚያና የኤሌክትሪክ መብራት ነው። የእረኛው ጋሪ ትንሽ አማረበት እንጂ አልተለወጠም ማለት ነው። ቤት ማለት ሲጨመቅ ይኸው ነው፤ ውኃ፣ እሳት፣ መኝታ።

ነገሩ ግን ከባያምም ይቀድማል። ፎርድ «ሞዴል ቲ» የተባለችውን ርካሽ መኪና ለሕዝብ ካዳረሰ በኋላ አሜሪካውያን ድንኳን ጭነው፣ ቆርቆሮ ምግብ አጭቀው ወደ ሞቃታማዋ ፍሎሪዳ መጉረፍ ጀመሩ። በ1919 ታምፓ ከተማ ላይ «የቆርቆሮ ጣሳ ቱሪስቶች» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ ቀልድ ነው፤ የአባልነት ምልክታቸውም በመኪናው የራዲያተር ክዳን ላይ የተበየደ ባዶ ጣሳ ነበር። ከተሞቹ መጀመሪያ ላይ በደስታ ተቀበሏቸው። ማዘጋጃ ቤቶች መናፈሻቸውን ከፍተው፣ የውኃ ቧንቧና መጸዳጃ ሠርተው፣ «ኑ፣ በነፃ እደሩ» አሉ። የመሸበት እንግዳ እንግዲህ ቤት አገኘ። ከተማው በነፃ ያሳደረው ግን ለጽድቅ አልነበረም፤ እንግዳው ነገ ጠዋት ከሱቁ ዳቦና ቤንዚን ይገዛል ብሎ ነው።

ታዲያ መኪና ይበልጥ ሲረክስ ዳቦ የሚገዛበት የሌለውም እንግዳ መምጣት ጀመረ። ሥራ ፈላጊው፣ እርሻው የከሰረበት፣ ልጆቹን ከኋላ ወንበር ደርድሮ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ሁሉ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ማዘጋጃ ቤቶቹ አንድ በአንድ ለአንድ ሌሊት ሃምሳ ሳንቲም ያህል ማስከፈል ጀመሩ፤ የሚቆይበትንም ቀን ገደቡ። ክፍያው ለውኃና ለጥበቃ ነው ይባል እንጂ ዋናው ሥራው ማጥለል ነበር። የእንግዶችን ኪስ ሳይፈትሹ ኪስ የሌለውን መለየት! ከዚያም ነጋዴው ደረሰና ትንንሽ ጎጆዎችን ደርድሮ ያከራይ ጀመር፤ ዛሬ «ሞቴል» የምንለው ነገር ዘሩ ከዚያ ይመዘዛል።

የ1930ዎቹ ድቀት ሲመጣ ማጥለያውም አልበቃ አለ። ከኦክላሆማና ከቴክሳስ፣ ከአርካንሳስም፣ በድርቅና በአቧራ ማዕበል የተነቀለው ገበሬ ፍራሹን ከመኪና ጣሪያ ላይ አስሮ ወደ ካሊፎርኒያ ተመመ። መንገድ ዳር አደረ፤ ከመስኖ ቦይ ውኃ ጠጣ፤ ልጅ መኪና ውስጥ ተወለደ። በየካቲት 1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ፣ ከከተማው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው ወደሚገኙት የግዛቲቱ ድንበሮች 136 ፖሊሶች ላከ። የአንድ ከተማ ፖሊስ የግዛት ድንበር ላይ ኬላ ሲዘረጋ! ገንዘብ የሌለውን መኪና ከመጣበት ይመልሱ ነበር። ሳምንታት ፈጅቶ ቀረ፤ ግን ሕጉም ቢሆን ከኬላው ብዙም አይሻልም ነበር፤ ችግረኛን ወደ ካሊፎርኒያ ማስገባት በራሱ ወንጀል ነው ይላልና። አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ሥራ የሌለውን የሚስቱን ወንድም ከቴክሳስ በአሮጌ መኪናው ጭኖ ስላመጣ ተፈረደበት። አማቹን አምጥቶ ወንጀለኛ ተባለ! ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጥቶ፣ በኅዳር 1941 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሕጉን ሻሩት። ድሃ ሰው በገዛ አገሩ ከግዛት ወደ ግዛት መሄድ እንደሚችል የተረጋገጠው እንዲህ ነው። መሄድ ተፈቀደ። ማደርስ?

በዚያው ዘመን ሌላው የኅብረተሰብ ክፍል ደግሞ ስለ ተጎታች ቤት ያልም ነበር። የ1929ኙን የገበያ ውድቀት ቀድሞ ተናግሯል የሚባለው ሮጀር ባብሰን፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአሜሪካ ሕዝብ ግማሹ በተጎታች ቤት ይኖራል ብሎ ተነበየ። ትንቢቱ አልሠመረም። ያልሠመረበት ምክንያት ግን ሰው ቤቱን ስላልፈለገው ብቻ አልነበረም። ጎረቤት እምቢ ስላለም ነው። ባለጎማው ቤት የቤት ግብር አይከፍልም፤ ልጆቹ ግን በመንደሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ፍሳሹም በመንደሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። በዚያው በ1936 ዲትሮይት አቅራቢያ ባለችው ኦርቻርድ ሌክ በተባለች መንደር አንድ ሰው ተጎታቹን ሐይቅ ዳር አቁሞ ስለኖረ ተከሰሰ። ዳኛው ተጎታቹ የሰው መኖሪያ ነው ብሎ ፈረደ። ደስ የሚል ፍርድ ይመስላል፤ አይደለም። መኖሪያ ከሆነ የመኖሪያ ቤት ደንብ ይመለከተዋል፤ የዚያን መንደር ደንብ ደግሞ አንድ ተጎታች ሊያሟላው አይችልም። ቤት ነህ ተባለና ቤትነቱ ተሰበረ። ይህን ፍርድ አስታውሱት፤ ከ85 ዓመት በኋላ ተገልብጦ እናገኘዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ የፋብሪካ ሠራተኞቹን በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ተጎታቾች አስፍሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተጎታቹ እየሰፋ፣ እየረዘመ ሄደና መኪና ሊጎትተው የማይችል ሆነ። ስሙ ብቻ «ተንቀሳቃሽ ቤት» ተብሎ ቀረ እንጂ አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም። የሚንቀሳቀሰው ደግሞ የመዝናኛ ዕቃ ሆነ፤ ጃንሆይ ያዩት ዓይነት።

እኛ አገር መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው አለ ወይ? አለ እንጂ። የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ናቸው። በ1930ዎቹ ጣሊያን ይዟት የመጣው፣ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ በፍቅር የሚያነሷት «ትሬንታ ኳትሮ» ፊያት፣ ካቢኗ ውስጥ መኝታ ከገባላቸው የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪናዎች አንዷ ናት። ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር፣ የሾፌሩም ኑሮ ወደዚያው ዞረ። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ቀናት ይቆጠራሉ። ሾፌሩ ከወንበሩ ኋላ ካለችው አልጋ፣ ረዳቱ ደግሞ ነፋስ ባገኘበት ይተኛል። ከተሳቢው ጎን የታሰረችው ጀሪካን ማድጋው ናት፤ ምድጃው የሚለኮሰው ከጎማው ጥላ ሥር ነው። ይህን ያየ ሰው መኪና ውስጥ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እነሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ልዩነቱ አንድ ነው። ሾፌሩ ናዝሬት ወይ ኮምቦልቻ ሚስትና ቤት አለው፤ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል። አሁን የምናወራው ጭነቱን ስለማያራግፈው ሰው ነው፤ ጭነቱ የራሱ ኑሮ ነውና።

እንዴት ይኖራል? ከውኃ እንጀምር። አሜሪካ ውስጥ ቧንቧ ሲከፈት ውኃ መምጣቱን የሚጠራጠር የለም፤ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ግን በአንድ ቀን አዲስ አበቤ ይሆናል። ጀሪካን ይቆጥራል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ መቶ ሊትር የጫነ ሰው አንድ ወፍራም ጎረምሳ አሳፍሮ የሚዞር ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። ስለዚህ ውኃው ያንሳል፤ ጠንቃቃው በቀን ከአሥር ሊትር ባነሰ ይኖራል። ሳህን መጀመሪያ በወረቀት ይጠረጋል፣ ከዚያ በእፍኝ ውኃ ይታጠባል። ገላ ለመታጠብ ብዙዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚከፈት የስፖርት ቤት ይመዘገባሉ፤ ክብደት ለማንሳት ሳይሆን ለሻወሩ። እጅ የታጠቡበትና ዕቃ ያለቀለቁበት ውኃ «ግራጫ ውኃ» ይባላል፤ የመጸዳጃው ደግሞ «ጥቁር ውኃ»። ትልልቆቹ ባለጎማ ቤቶች ለሁለቱም የየራሱ ታንከር አላቸው፤ ሲሞላ ወደ ማራገፊያ ጣቢያ ሄዶ፣ ወፍራም ቱቦ አያይዞ፣ ጓንት አድርጎ ማፍሰስ ነው። ቅደም ተከተልም አለው፤ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ግራጫው ቱቦውን አጥቦ ይከተላል። ታንከር የሌለው ተራ ቫን ውስጥ ያለው ሰው ክዳን ያለው ባልዲ፣ ፕላስቲክ ከረጢትና እንደ እንጨት ፍቅፋቂ ያለ ነገር ይጠቀማል። እዚህ ላይ የሚሳቅ አለ። ከቤቱ ደጅ የጋራ ሽንት ቤት ቁልፍ ይዞ ተራ የጠበቀ ሰው ግን አይስቅም።

ሁለተኛው ብርድ ነው። የመኪና ቆርቆሮ በጋ ላይ ምጣድ፣ ክረምት ላይ በረዶ ቤት ነው። ጀማሪው ሁሉ የሚያስበው ሙቀት ስለማምጣት ብቻ ነው። የቆየው የሚጨነቀው ግን ስለ እርጥበት ነው። ሁለት ሰዎች ተኝተው ሲያድሩ በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ወደ አየሩ ይለቃሉ። የሲሊንደር ጋዝ ሲቃጠልም እንፋሎት ይወጣዋል። ይህ ሁሉ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ሲያርፍ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ወደ ፍራሹ ሥር ይወርዳል፤ በሳምንት ውስጥ ሻጋታ። ስለዚህ ብርድ እያንዘፈዘፈውም ቢሆን መስኮቱን በጣት ወርድ ከፍቶ ያድራል። ለመስኮቱ መከፈት ደግሞ ሌላ የከፋ ምክንያት አለው። እኛ አገር ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎች ወሬ በየክረምቱ እንሰማለን። ያው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በመኪና ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይበልጥ ይፈጥናል። ሞተር አስነሥቶ በዚያ እየሞቀ የተኛ፣ ጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነበት፣ አበቃ። ጣሪያ ላይ የምትንጠለጠለው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከምድጃውም ከአልጋውም በፊት የምትገዛ ዕቃ ናት።

መብራቱ እምብዛም አያስቸግርም፤ ባትሪውን የሚጨርሰው ማቀዝቀዣው ነው። በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ መኖሩ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ እሳት እንዴት በረዶ ይሠራል? ስቶክሆልም ውስጥ ሁለት ተማሪዎች፣ ፎን ፕላተንና ሙንተርስ፣ በ1922 የፈለሰፉት ነው፤ አሞኒያ ሲሞቅ ይተንናል፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ እንደገና ሲተን ሙቀት ይስባል፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አንድ ጠባይ ብቻ አለው። ቤቱ ካዘመመ አይሠራም። ስለዚህ ባለጎማ ቤት ያለው ሰው ሜዳ ሲመርጥ ያያችሁ እንደሆነ ለእንቅልፉ ብቻ ብሎ አይምሰላችሁ፤ ለወተቱም ነው። ዛሬ የፀሐይ ሰሌዳው ስለረከሰ ብዙው ሰው ወደ ኤሌክትሪኩ ዞሯል፤ ዛፍ ጥላ ሥር መቆም ግን በዚያው ቀረ፤ ጥላ ከፈለገ መብራት የለም።

ከሁሉ የባሰው ግን ወረቀቱ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ «የቤት ቁጥር?» ተብሎ የተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። መንጃ ፈቃድ አድራሻ ይጠይቃል። መድን፣ ባንክ፣ የጡረታ ደብዳቤ፣ የመራጮች መዝገብ ሁሉ አድራሻ ይጠይቃሉ። አስፋልት ላይ የሚኖር ሰው አድራሻው ምንድን ነው? ሳውዝ ዳኮታ የተባለችው ግዛት ለረጅም ጊዜ ለዚህ መፍትሔ ሰጥታለች፤ እዚያ አንድ ሌሊት ያደሩበትን ደረሰኝ ያሳየ ተጓዥ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፤ ደብዳቤውን የሚቀበልና የሚልክ ድርጅትም ይከራያል። በአንዲት ሌሊት ደረሰኝ የአገር ልጅ መሆን! በዚህም የተነሣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ ሰዎች የአንዲት ትንሽ ከተማ ነዋሪ ሆነው ይመዘገባሉ።

መኪናው ሲበላሽስ? ጋራዥ ሲገባ ቤቱም አብሮ ይገባል። የሌላ ሰው ቤት ጣሪያው ቢያፈስስ ሰውየው ወጥ ቤት ሄዶ ይተኛል፤ ይኸኛው ሞተሩ ሲነክስ አልጋውም፣ ልብሱም፣ ሥራ የሚሄድበትም በአንድ ጊዜ ይቆማል።

ገንዘቡም ሆነ ድፍረቱ ያለው ሰው በረሃውን ይመርጣል። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት የምትባል የበረሃ ከተማ አለች። በበጋ ሰው የማይታይባት፣ ክረምት ሲገባ ግን ዙሪያዋ ባለጎማ ቤት የሚፈላባት ናት። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። በተለየው ሥፍራ ላይ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ለመቆየት ለረጅም ዓመታት የሚከፈለው 180 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ውጭ ባለው የመንግሥት በረሃ ደግሞ አሥራ አራት ቀን በነፃ ከቆዩ በኋላ መነሣት ግድ ነው። በዚያች ከተማ መቃብር ውስጥ ጫፉ ላይ ግመል የቆመበት ትንሽ ፒራሚድ አለ። ሥሩ የተቀበረው፣ በ1850ዎቹ የአሜሪካ ጦር በረሃውን በግመል ለማቋረጥ ሲሞክር ግመሎቹን ሊነዳ የመጣው ሐጂ ዓሊ ነው፤ አሜሪካኖቹ ስሙ አልያዝላቸው ብሎ «ሃይ ጆሊ» አሉት። ቤቱን በእንስሳ ጀርባ ጭኖ የኖረ ሰው መቃብር ዙሪያ፣ ቤታቸውን በጎማ ላይ የጫኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይከርማሉ። ብዙዎቹ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቤታቸውን ያጡ፣ ወይም ጡረታቸው ለኪራይ ያልበቃቸው ናቸው። ጀሲካ ብሩደር የተባለችው ጋዜጠኛ በ2017 «ኖማድላንድ» ብላ መጽሐፍ ጻፈችባቸው፤ ከዚያ የተሠራው ፊልም በ2021 የኦስካርን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። በጥቅምት ወር ሰሜን ዳኮታ ሄደው ስኳር ቀዩን ሥር ከመሬት በማንሳት ያግዛሉ፤ በበጋ የመናፈሻ ዘበኛ ይሆናሉ። ጀርባቸው ተጣሞ፣ ስድሳና ሰባ ዓመት ሆኗቸው።

በረሃው ግን ሥራ የለውም። ሥራ ያለው ከተማ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ዋናው ሙያው መደበቅ ነው። ሲመሽ ይመጣል፣ ሳይነጋ ይነሣል። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል፤ ውስጥ መብራት አያበራም፤ አንዱ ሰፈር ሁለት ሌሊት አይደጋግምም። ሳል እንኳ ቢይዘው ትራስ ላይ ይስላል። ሳንታ ባርባራ የተባለችው ሀብታም ከተማ ከ2004 ጀምሮ በአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት በኩል ሌላ ዘዴ ሞክራለች፤ ቤተ ክርስቲያናትና መሥሪያ ቤቶች ማታ ባዶ የሚያድረውን የመኪና ማቆሚያቸውን ለተመዘገቡ ሰዎች ይከፍታሉ፤ ማታ ገብተው ጠዋት ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ቀድተውታል። እንደኔ ከሆነ፣ ይህ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ለሚለው ልመና ዘመናዊ አገር ከሰጣቸው መልሶች ሁሉ ለሰው የሚቀርበው ነው። ርካሽ ነው፤ ክብርም አይነካም።

ሌሎቹ በሕግ ሄዱ። ሎስ አንጀለስ በ1983 መኪናን መኖሪያ ማድረግ የሚከለክል ደንብ አውጥታ ነበር። በ2014 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡ ግልጽነት የለውም ብሎ ጣለው፤ ኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስና ምግብ የጫነ ሽርሽረኛ ሁሉ ሊታሰር ነው ወይ? ከተማይቱ በ2017 ሌላ ደንብ ሥራ ላይ አዋለች፤ የመኖሪያ ሰፈር ባለበት መንገድ ላይ ከማታ እስከ ጠዋት መኪና ውስጥ ማደር ተከለከለ፤ የት እንደሚቻል ካርታ ወጣለት። በሰኔ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኦሪገኗ ግራንትስ ፓስ ከተማ ደጅ የሚያድርን ሰው መቅጣቷ ጭካኔ የተሞላበት ቅጣት አይደለም ብሎ በስድስት ለሦስት ድምፅ ወሰነ። በ1941 «መሄድ ትችላለህ» የተባለ ሰው፣ ከ83 ዓመት በኋላ «ማደር ግን መብትህ ነው አላልንም» የተባለ ያህል ነው።

አንዱ ፍርድ ግን በተለየ መንገድ ሄዷል። ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት በሲያትል አንድ የእጅ ሙያተኛ በጭነት መኪናው ውስጥ ይኖር ነበር። የሥራ ዕቃውም እዚያው ነው። መኪናው ተበላሽቶ የከተማው በሆነ ባዶ ቦታ ላይ ወራት ቆመ። የከተማይቱ ደንብ አንድ መኪና በአንድ ቦታ ከሰባ ሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆም ይከለክላል። ሦስት ቀን መሆኑ ነው፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት የሚለው የእኛው ተረትም ከዚያ አያልፍም። በ2016 መጸው ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ቤቱ የለም። ተጎትቶ ተወስዷል። በዚያ የዝናብ ከተማ መሬት ላይ አደረ። መኪናው ይመለስለት ዘንድ ከ500 ዶላር በላይ ዕዳ ተጻፈበት፤ በየወሩ 50 ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ፤ ካልከፈለ ቤቱ ይሸጣል። ተከራከረ። በነሐሴ 2021 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት መኪናው የሰውየው መኖሪያ ነው፣ ሕግ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ከለላ ይገባዋል ብሎ ፈረደ፤ የተጣለበት ክፍያም ከሰውየው አቅም ጋር ሲመዘን ከመጠን ያለፈ ቅጣት ነው አለ። ኦርቻርድ ሌክ ላይ ቤት መባል መባረሪያ ነበር፤ እዚህ መከለያ ሆነ።

ዳኞቹ የሰባ ሁለት ሰዓቱን ደንብ ግን አልሻሩትም። ስለዚህ በሲያትል መንገዶች ዳር የሚኖር ሰው በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ከተነሣ ወደ ሚቀጥለው ጎዳና ይሄዳል፤ ካልተነሣ ጎረቤቶቹ ከኋላ ሆነው ይገፉለታል።